ወ/ማ የተጻፈባቸው አምስት ቦታዎች

ረቡዕ፣ መስከረም 22

የኋላው ጎማ ዛሬም ተንፍሷል። ነፋሁት። ሠላሳ ጊዜ ገፋሁ፤ ትከሻዬን አመመኝ። ማንም የማይነዳው ብስክሌት ለምን ይተነፍሳል? ጠጋኙ ጋሽ ሞላ፣ የቆመ ጎማ ከሚሮጥ ጎማ ቀድሞ ይበሰብሳል ይላሉ። ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ ከፋብሪካ ስወጣ እነፋለሁ። ኮርቻውን በእርጥብ ጨርቅ አብሳለሁ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ላንቺ እጽፋለሁ፣ ደብተሬ። ቀስ ብዬ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት እጅ አይሮጥም።

ልጄ ይበልጣል ከተለየኝ ስምንት ወር። የሞተበትን ቀን አላውቀውም፤ የምቆጥረው ከመርዶው ነው። ሰሜን ነው አሉኝ። ሰሜን ሰፊ ነው። መቃብር የለውም። ብስክሌቱ አለ።

ዛሬ እየነፋሁ ሳለ በር ተንኳኳ። አንዲት ልጅ። ትርንጎ እባላለሁ አለች። አስተማሪ ናት፣ የአንደኛ ክፍል። ፊቷን አወቅሁት። ለቅሶው ላይ ግድግዳ ተደግፋ፣ ለባዳ ከሚገባው በላይ ያለቀሰችው ናት። ያን ጊዜ ማን ነሽ ለማለት አቅም አልነበረኝም። እጅ ነሥታ ተቀመጠች። ብስክሌቱን አየች። ዓይኗን ከብስክሌቱ ላይ አላነሣችም። እኔም ዓይኔን ከእሷ ላይ።

ይበልጣል መንገድ የሚጽፍበትን ደብተር ለመነችኝ። ለአንድ ሳምንት ብቻ፣ ገልብጬ እመልሳለሁ አለች።

የመንገድ ደብተር እንደነበረው ማን ነገራት?

የለም አልኋት። ዋሸሁ። ሳጥኑ ውስጥ፣ ከነጭ ሸሚዙ ሥር ነው ያለው።


ዓርብ፣ መስከረም 24

ያ ደብተር የእኔ ነው። ለምን የእኔ እንደሆነ ልጻፈው።

አባቱን የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ ዓባይ ማዶ ሊደርስ ሲል፣ በብስክሌት ላይ እንዳለ የጭነት መኪና ገደለው። ይበልጣል ያን ጊዜ ስድስት ዓመቱ። አድጎ በመጀመሪያ ደመወዙ ብስክሌት ገዝቶ የመጣ ቀን በማርያም አስማልሁት፤ አስፋልት ላይ እንዳትወጣ ብዬ። ማለ። መሐላውንም ጠበቀ። መኪና የማይረግጠው መንገድ ፍለጋ ገባ። የከብት መንገድ፣ የገበያተኛ መንገድ፣ በሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆች የሚሄዱበት መንገድ። የመሬት ቀያሽ ረዳት ስለነበር ያገኘውን መንገድ ሁሉ በደብተር ይጽፋል። እሑድ ጧት ወጥቶ ማታ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ይመለሳል። እኔ ልብሱን አጥባለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። ግድ የለም፣ መኪና በሌለበት ነው እላለሁ።

መኪና አልገጨውም። መኪና መጥቶ ወሰደው። ከቀበሌው ደጅ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር ጭኖ፣ ወደ ጦር ሜዳ።

ዛሬ ለሰንሰለቱ ዘይት ልገዛ ጋሽ ሞላ ዘንድ ሄድሁ። ትርንጎ የምትባል ልጅ ያውቁ እንደሆን በጎን ጠየቅሁ። ሳቁ። እንዴት አላውቅ፣ የእሷን ኮርቻ ዝቅ ያደረግሁላት እኔ አይደለሁም? ሰኞ ሰኞ ሁለት ብስክሌት አንድ ዓይነት ቀይ ጭቃ ተለውሶ ይመጣልኝ ነበር አሉ። ጭቃው የእንፍራንዝ ወንዝ ነው፤ ከሌላ ቦታ እንዲህ ያለ አይገኝም።

"እትዬ ጥሩወርቅ፣ ሰው ይዋሻል እንጂ ጭቃ አይዋሽም" አሉኝ።

ሁለት ብስክሌት። እኔ ሁለት ዓመት አንዱን ጭቃ ሳጥብ ሌላው በሌላ ቤት ይታጠብ ነበር።

ዘይቱን ሳልይዝ ተመለስሁ።


እሑድ፣ መስከረም 26

የቤንዚን ቁጠባ ነው፤ እሑድ የቤት መኪና አይወጣም። ከተማው የብስክሌት ነው። ደወል በሰማሁ ቁጥር ልቤ በር ድረስ ሄዶ ይመለሳል። የጦር መኪናው ብቻ እሑድ አያውቅም። ዛሬም ጧት በወረታ መንገድ ሲያልፍ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ከዘይነባ ጋር ደጃፍ ላይ ምስር እንለቅማለን። ዘይነባ ጎረቤቴ ናት። ጨርቅ ነጋዴ፤ አፏ እንደ መቀሷ። ትርንጎ ከሁለት አስተማሪዎች ጋር በሰማያዊ ብስክሌት መጣች። እኛ ጋ ስትደርስ ፍሬን ይዛ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠች። እኔ ወደ ምስሩ አቀረቀርሁ። አለፈች።

"ጥሩዬ፣ ምስሩን እየጣልሽ ድንጋዩን እያስቀመጥሽ ነው" አለችኝ ዘይነባ።

አየሁት። እውነቷን ነው። ድንጋዩ ሰፌዱ ላይ፣ ምስሩ መሬት ላይ።

ነገርኋት። ስለ ደብተሩ፣ ስለ ጭቃው። ትቆጣልኛለች ስል ሳቀች። ሠርግ ያልተበላበት አማትነት ዛሬ ገና አየሁ አለች። ተነሥቼ ልገባ ስል ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ልጅቷ ከአንቺ ምን ወሰደችብሽ? አለች። ሰፌዱን አንሥቼ ገባሁ።

መልሱን አሁን ላንቺ ልጻፈው። የምቀናው በዓይኗ አይደለም፣ በወጣትነቷም አይደለም። በጆሮዋ ነው። እሱ ብስክሌት ላይ ሆኖ ይዘፍን እንደሆነ ታውቃለች። እኔ አላውቅም። ቤት ውስጥ አይዘፍንም ነበር።


ማክሰኞ፣ መስከረም 28

ደብተሩን ከፈትሁት። ከመርዶው ወዲህ የመጀመሪያዬ። የሰንሰለት ግራሶ ይሸታል። በእርሳስ ነው የጻፈው። ከቤታችን እስከ ዘጌ ያለው መንገድ፤ ወራሚትን አልፎ፣ እንፍራንዝን ተሻግሮ፣ የሐይቁን ዳር ይዞ። አስፋልት አንድም ቦታ አይነካም።

ርቀቱን በዙር ጽፎታል። የኋላው ጎማ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሯል፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ጨርቁ ብረቱን ጠቅ ያደርጋል፤ እሱ ይቆጥራል። ያን ጨርቅ ዛሬ አስተዋልሁት። ከነጠላዬ ጥለት የተቀደደ ነው። ያን ጊዜ አይጥ በላው ብዬ አይጥ ስረግም ሰምቶ ዝም አለ። አሁንም ጎማው ላይ ነው።

ቃሉን ያሳጥራል። የቀያሽ ልማድ ይሆናል። ቀ ማለት ቀኝ። ግ ማለት ግራ። ት/ዋ ትልቅ ዋርካ ነው፤ ብዙ አሰብሁ እሱን ለመፍታት። አንዱን ግን ወዲያው አወቅሁት። አምስት ቦታ ላይ፣ ከቁጥሩ ጎን፣ ከሥሩ ተሰምሮበታል።

ወ/ማ።

ወለተ ማርያም። የክርስትና ስሜ። ከንስሐ አባቴና ከእሱ በቀር ማን ያውቀዋል? ልጅ ሳለ፣ የሚያስፈራ ቦታ ስትደርስ የእናትህን የክርስትና ስም ጥራ ብዬው ነበር። ጠርቶኛል። አምስት ቦታ ጠርቶኛል።

አምስት ጊዜ ሳምሁት። እርሳሱ ከንፈሬ ላይ ቀረ።

ይኼ ትርንጎ የላትም። ዛሬ ደስ ብሎኛል። ምስሩን እንኳ በደንብ ለቀምሁት።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

መጣች። ሎሚ ይዛ። እናቷ ጓሮ የተለቀመ ነው አለች።

ደብተሩን ለምን እንደፈለገችው ዛሬ ነገረችኝ። ኅዳር 8 እሑድ ባልደረቦቿን በብስክሌት ዘጌ ልትወስዳቸው ነው። ባለፈው በዋናው መንገድ ወጥተው ነበር፤ የጦር መኪና ተከታትሎ ሲመጣ ሸሽተው ቦይ ውስጥ ወደቁ፤ የአንዷ ክንድ ተሰበረ። ስለዚህ በይበልጣል መንገድ እንሂድ ብላለች። ግን አታውቀውም። ክረምቱ ዱካውን አጥቦታል። ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለት ጊዜ ጠፍታ ተመለሰች።

ሁለት ዓመት ሄደሽበት እንዴት ጠፋሽ? አልኋት። ለመውጋት ብዬ ነው።

አቀረቀረች። እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነበሩ። መንገዱን አላየሁትም፣ ጀርባውን ነው ያየሁ አለች።

ወግቼ ተወጋሁ።

ያን ጊዜ ነው ሰይጣን የገባብኝ። ሳጥኑን ከፍቼ ደብተሩን አወጣሁ። የለም ያልሁት ደብተር ይኸው፤ ውሸቴ ይታወቅ፣ ግድ አልነበረኝም። ገለጥሁና ጣቴን ወ/ማ ላይ አደረግሁ። ይኼን ታያለሽ? አልኋት። የእኔ ስም ነው። አምስት ቦታ ጽፎኛል። ይኼ መንገድ ለእኔ የተሠራ ነው፣ በእኔ መሐላ።

አየችው። ፊቷ ቀላ። ከዚያ በሹክሹክታ፦

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔም ወለተ ማርያም ነኝ።"

አንድ ቀን እረፍት ላይ በትከሻው በኩል አይታው ነበር። አፍራ አልጠየቀችውም። ስሜ ነው ብላ ይዛው ኖረች። እሱም አልነገራት። ሁለት ዓመት።

ውጪልኝ አልኋት። ሎሚሽንም ይዘሽ።

ወጣች። ሎሚውን ትታው ነው የሄደች።


ዓርብ፣ ጥቅምት 8

ፋብሪካ ክሩ ዛሬ በእጄ ላይ ሲበጠስ ዋለ። የፈረቃው ኃላፊ ታመሽ እንደሆን ክሊኒክ ሂጂ አለኝ። አልታመምሁም። ቀንቼ ነው ይባላል እንዴ?

ለዘይነባ ነገርኋት። እናንተ ክርስቲያኖች ስም ጠፍቶባችሁ ነው ወይ ለሁለት አንድ የምትለብሱ አለች። እኔ እየተቃጠልሁ እሷ ትቀልዳለች። ኋላ ግን፣ የማን እንደሆነ የሚያውቀው የጻፈው ነው፣ እሱ ደግሞ አይጠየቅም አለች። የእሷም ወንድም ሰሜን ነው። እረሳዋለሁ አንዳንዴ። ኀዘን ሰውን ለራሱ ብቻ ያደርጋል።

ሎሚው ጠረጴዛው ላይ ነው። አልበላውም። አልጥለውም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ማርያም ናት። ከፈረቃ በፊት ቤተ ክርስቲያን ሳምሁ። በመቃብሮቹ በኩል ሳልፍ አንዲት እናት የልጇን መቃብር አረም ትነቅላለች። ቆሜ አየኋት። አረም በምትነቅል ሴት ቀናሁ። እጇ ላይ ባለው አፈር ቀናሁ። ወዴት እየሄድሁ ነው?

ለንስሐ አባቴ ሁሉን ተናገርሁ። ፈገግ አሉ። ደብሩ ሙሉ ወለተ ማርያም ነው ልጄ፣ ዲያቆኑ አንድ ጊዜ ቢጠራ ግማሹ ሴት ቀና ይላል፤ እመቤታችን ለሁሉም ትበቃለች አሉ።

እመቤታችን ትበቃለች። ልጄ ግን ለሁለት አይበቃም።

መቃብር የለውም፤ አምስት ቦታ ግን አለው። እኔ አይቻቸው አላውቅም። ይኼን እያሰብሁ እግሬ ወደ ፋብሪካ ሳይሆን ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደኝ። በአጥሩ በኩል አስጠራኋት። እጇ ጠመኔ ነክቶታል። የፊታችን እሑድ ትወስጂኛለሽ አልኋት። ብስክሌቱ የእሱ ይሆናል፤ አንቺ ትነጂያለሽ፣ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ፣ ደብተሩ በእኔ እጅ። ቦታዎቹን አይቼ ስሙ የማን እንደሆነ እለያለሁ። የእኔ ከሆነ ደብተሩን ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።

የእኔስ ስም ከሆነ? አላለችም። እሺ እማማ አለች፣ ወዲያው። እሺ ማለቷም አናደደኝ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 25፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት

ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። መቀመጥ አልችልም።

ትናንት ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጣን። ዘይነባ ከሱቋ አሮጌ ጨርቅ አምጥታ አጣጥፋ የኋላው ብረት ላይ አሰረችልኝ። ሙሽራ መሰልሽ እኮ፣ እልል ልበል? አለች። ዝም በይ አልኋት። ትርንጎ ኮርቻው ላይ ስትወጣ ዓይኔን ጨፈንሁ። የእሱ ኮርቻ። ስገልጥ እየሄድን ነበር።

ወገቧን ያዝሁ። ሌላ የምይዘው አልነበረም።

ወራሚት ደረስን። ጨርቁ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ እኔ እቆጥራለሁ። መቶ ሲሞላ አንድ ጣት አጥፋለሁ። መንገዱ ከሰው ትከሻ አይሰፋም። በግራ ጤፍ፣ በቀኝ ደንገል፤ ከደንገሉ ማዶ ውሃው። ሞተር የሚባል ድምፅ የለም። ወፍ፣ ጨርቁ፣ የእሷ ትንፋሽ። ልጄ እሑድ እሑድ የሚሄድበት እንዲህ ያለ ቦታ ነበር? እኔ ቤት ሆኜ የማስበው እሾህና ገደል ነበር።

የመጀመሪያው ወ/ማ ከወራሚት 310 ዙር ላይ ነው። ሦስት መቶ አሥር ብዬ ሳልጨርስ ፍሬን ያዘች። ጎርፍ የቆረጠው ቦይ። "እማማ፣ ይውረዱ፤ እዚህ ወርዶ ማለፍ ነው" አለች። ወረድሁ። ቦዩን አየሁት። ጥልቅ ነው፣ ያስፈራል። የእኔ ነው አልሁ በልቤ። እዚህ ጠርቶኛል።

ሁለተኛው ቁልቁል የሚወርድ ድንጋያማ ነው። ደግሞ ይውረዱ አለች። ወረድሁ። ከድንጋዩ ላይ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ይታያል፤ ነጫጭ ወፎች ውሃው ላይ እንደ ተዘራ ጥጥ። እሷ ቆማ ፈገግ አለች። የእኔ ነው እያለች መሆኑን ከፊቷ አነበብሁ።

ከዚያ በኋላ እሷ ማውራት ጀመረች። ፊቷ ወደፊት ስለሆነ መሰለኝ መናገር የቻለች። መጀመሪያ የተዋወቁ ሰሞን ጢስ ዓባይ ውሰደኝ ብላው ነበር። በመኪና መንገድ ነው፣ እናቴ በማርያም አስምላኛለች፣ አልችልም አላት። ለመነችው። ተቆጣችው። ጓደኞቿ ሁሉ አይተውት እሷ ብቻ ሳታየው ቀረች።

"በእርስዎ እቀና ነበር እማማ" አለች። "አንድ ቀን እንኳ እኔን አስቀድሞ እናቱን ቢያስቀይም ብዬ እመኝ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።"

ቁጥሩ ጠፋብኝ። ከዋርካው እንደገና መጀመር ነበረብን። ተመልሰን ጀመርን። አልተቆጣሁም። በእኔ የሚቀና ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሦስተኛው እንፍራንዝ ነው። ውሃው ጎድሏል፤ ድንጋይ ለድንጋይ ይሻገሩታል። ጭቃው ቀይ ነው፣ ጋሽ ሞላ እንዳሉት። ትርንጎ ፍሬን ያዘች። እግሯን መሬት አስነካች። አፏን ከፈተች፦

"እማማ፣ እዚህም ወርዶ ማ..."

ቆመች። ዞራ አየችኝ። እኔ ደብተሩን አየሁ። ጣቴ ወ/ማ ላይ ነው። ወ። ማ። እንደገና እሷን አየሁ።

ወርዶ ማለፍ።

ቀ ቀኝ፣ ግ ግራ፣ ት/ዋ ትልቅ ዋርካ። ወ/ማ ወርዶ ማለፍ። ከብስክሌት ወርደህ እለፍ ማለት ነው። ቀያሹ ልጄ! እኔ አምስት ጊዜ የሳምሁት ውረድ የሚለውን ቃል ነው። እሷ ሁለት ዓመት በልቧ ይዛ የኖረችው ውረድ የሚለውን ቃል ነው።

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። እኔ ነኝ መሰለኝ። ከመርዶው ወዲህ ሳቄን ሰምቼው አላውቅም፤ የሌላ ሴት ድምፅ መሰለኝ። እሷ ብስክሌቱን ደግፋ እየሳቀች ተንበረከከች። አንድ ዓሣ አጥማጅ ከታንኳው ላይ ምን ነካችሁ ብሎ ጮኸ። "የልጄ ጽሑፍ ነው!" አልሁት። ምን ይገባዋል። ቀዘፋውን ትቶ ሲያየን ታንኳው ዞረበት። ባሰብን።

ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ዞረ። እንደሚሆነው። ድንጋዩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አለቀስን። የማንም ስም አልነበረም። የእኔም፣ የእሷም። እሱ መንገዱን ብቻ ነበር የሚጽፈው። ከኋላው የሚመጣ ሰው እንዳይወድቅ።

አራተኛው ጉማሬ ማታ ማታ የሚወጣበት ጭቃ ነው። ስምሽ ደረሰ፣ ውረጂ አልኋት። የእርስዎም ነው፣ ይውረዱ አለችኝ። ተደጋግፈን አለፍን። ጫማዬ አንዱ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ እሷ ክንዷን እስከ ብብቷ አስገብታ አወጣችው።

ብስክሌት ላይ ይዘፍን ነበር ወይ? ብዬ ጠየቅኋት። ይዘፍን ነበር አለች። እንዴት? አልኋት። መጥፎ ድምፅ ነበረው አለች። ይኼን በሹክሹክታ ነው ያለች፣ እሱ እንዳይሰማት።

አምስተኛው ከሁለተኛው ዋርካ 640 ዙር ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የዘጌ ደን ይጀምራል። በደንብ ቆጠርሁ። አንድም አልሳትሁም። ስድስት መቶ አርባ። ቁሚ አልኋት።

ቆመች። ሜዳ ነው።

ቦይ የለም። ድንጋይ የለም። ጭቃም፣ እሾህም፣ ሥርም የለም። ልሙጥ ሣር፣ በግ እንደላጨው። እስከ ውሃው ድረስ ክፍት። ዕውር በብስክሌት የሚያልፍበት ቦታ ነው። ወርዶ ማለፍ ለምን ያስፈልጋል? ትርንጎ ወርዳ ዙሪያውን ሄደች፣ ሣሩን በእግሯ ዳበሰች። ያን ጊዜ ውሃ ተኝቶበት ይሆናል አለች። ይሆናል አልሁ። ውሃ የሚተኛበት ቦታ አይደለም። ሁለታችንም አይተነዋል።

ደብተሩን ሰጠኋት። አየችው። ወ/ማ። ከሥሩ የተሰመረው እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ነው።

የእኔ ነው አላለችም። እኔም አላልሁም። እኔም ወረድሁ። ብስክሌቱን በሁለት ወገን ይዘን፣ እሷ መሪውን፣ እኔ ኮርቻውን፣ ሜዳውን በእግር አለፍነው። ጨርቁ ጠቅ ይላል። ማንም አልቆጠረም።


ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ጎማውን ነፋሁ። ዛሬ ሃያ ጊዜ በቃ። የሮጠ ጎማ ነፋስ ይይዛል፤ ጋሽ ሞላ እውነታቸውን ነው።

ወስኛለሁ። እሑድ ብስክሌቱን ትርንጎ ትወስደዋለች፤ የእሷን ሰማያዊ የክንዷ ስብራት የዳነላት አስተማሪ ትነዳዋለች። የእሱ ግን ረቡዕ ረቡዕ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጎማውን የምነፋው እኔ ነኝ። ይኼን ነገርኋት። እሺ እማማ አለች። ዛሬ እሺ ማለቷ አላናደደኝም። ትንሽ ብቻ።

ደብተሩን አልሰጣትም። ቅናት እንደ ጉንፋን በአንድ እሑድ አይለቅም። ግልባጩን እሰጣታለሁ፤ እኔ ራሴ እየገለበጥሁት ነው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቀ ያለውን ቀኝ፣ ግ ያለውን ግራ ብዬ ዘርዝሬ እጽፋለሁ። ትልቅ ዋርካ። ከወራሚት 310 ዙር፣ ቦይ፣ ወርዶ ማለፍ። ድንጋያማ ቁልቁለት፣ ወርዶ ማለፍ። እንፍራንዝ፣ ወርዶ ማለፍ። የጉማሬው ጭቃ፣ ወርዶ ማለፍ። ሌላ ወለተ ማርያም መጥታ እንዳትሳሳት።

ሎሚውን ትናንት ከዘይነባ ጋር በሻይ ጠጣነው። ደርቆ ነበር፤ ውሃ ግን አልጠፋውም።

አሁን አምስተኛው ላይ ደርሻለሁ። ከሁለተኛው ዋርካ 640 ዙር፣ ሜዳ። እጄ ቆመ። ብዙ አሰብሁ። ከዚያ እሱ እንደጻፈው ጻፍሁት፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርሁ።

ወ/ማ